ጋሽ መፍቻና የእሜቴ ውሃ

ባለሙያ የሚባል ፍጥረት የሚያስፈልገው ለሰነፎች ብቻ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው በየቤተሰቡ አለ። በእናንተ ቤተሰብ ውስጥ የለም ካላችሁ፣ ወይ በደንብ አልፈለጋችሁም፣ ወይ ሰውዬው እናንተ ናችሁ። ይህ ሰው ቧንቧ ቢፈነዳ ቧንቧ ሠሪ አይጠራም። መብራት ቢጠፋ ኤሌክትሪሺያን አይጠራም። ጥርሱን ቢያመው እንኳ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ፒንሳውን አንዴ አየት ያደርጋል። ውሃ እስከ ጉልበቱ ሲደርስ «ተበላሸ» አይልም፤ «አሁን ገባኝ!» ነው የሚለው።

የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር ክቡር ዋና መሐንዲስ ጋሽ መፍቻ ናቸው። ስሙን ያወጣችላቸው ታናሽ እህታቸው ናት፤ ሌላ ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የኮት ኪስ እሳቸው መፍቻ ስለሚሰኩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት መድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሰው ቤት ሲቃጠልና ሲጥለቀለቅ ጉዳቱን የሚገምት ክፍል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰውን አደጋ ሲገምቱ ይውሉና፣ ቅዳሜ የራሳቸውን ያመርታሉ።

መፈክራቸው አንዲት ናት። «ይቺማ ቀላል ናት!» እጅጌያቸውን ሰብስበው ይህችን ቃል ሲያሰሙ፣ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ምንጣፍ መጠቅለል ይጀምራል።

የሥራዎቻቸው ሙዚየም የእህታቸው ቤት ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ምንም ያልበደለ ቤት። የበሩን ደወል ከጠገኑት ወዲህ ደወሉን የሚጫን እንግዳ ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም፤ የሚነሳው ኩሽና ያለው ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ድንገት «እምምም» ሲል የቤቱ ሰው «ሰው መጣ!» ብሎ ይነሳል። ቁም ሣጥኑን ካስተካከሉት በኋላ ለሚንበረከክ ሰው ካልሆነ በቀር አልከፈት አለ። የኩሽናው ቧንቧ ቀዩ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊው ሙቅ ሆኖ ቀረ። የቤቱ ሰዎች ይህንን ከመልመዳቸው የተነሳ ሰው ቤት እንግድነት በሄዱ ቁጥር እጃቸው ይቃጠላል።

ባለቤቷ መምህር ነበር፤ ጂኦግራፊ። ወንዞች ከየት ተነስተው ወዴት እንደሚፈሱ ሲያስተምር ኖሮ፣ ቤቱ ሲገባ ውሃው ደስ ወዳለው ይፈሳል።

ታዲያ ያ ቤት እንዴት ሳይፈርስ ኖረ? እዚህ ላይ ነው የሴትዮዋ ብልሃት። ጋሽ መፍቻ መሣሪያቸውን ሰብስበው፣ ተመስግነው፣ ደረጃውን ሲወርዱ መምህሩ መስኮቱ ላይ ቆሞ የመንገዱን ጥግ እስኪታጠፉ ያያል።

«ታጠፈ?» ትላለች እሷ ስልኩን ይዛ።

«ቆይ... ታጠፈ።»

ያን ጊዜ ቧንቧ ሠሪው ይጠራል። ቧንቧ ሠሪው ከአንድ ደንበኛ ሌላ የማያስፈልገው ዕድለኛ ሰው ነበር። እሷ ሳቅ የሚያመጣውን ብልሽት እንዳለ ትታ፣ ጎርፍና እሳት የሚያመጣውን ብቻ ታሠራለች። በሳምንቱ ወንድሟ ይመጡና ቧንቧውን በመፍቻ ኳ ኳ አድርገው «አየሽ? ጠብ አይልም!» ሲሉ፣ «እጅህ ይባረክ ወንድም ጋሼ!» ብላ ፊቷን በሻርፗ ትሸፍናለች። ባልና ሚስቱ በትዳር ዘመናቸው አብረው ከሳቁት ሳቅ ግማሹን ያገኙት ከዚያች መስኮት ነው።

ጋሽ መፍቻ ያቺን ቃላቸውን መናገር ያቃታቸው ቀን ቢኖር አንድ ነው። እህታቸው ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሐኪሙ እሳቸውንና ባሏን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ በሽታው የት እንደደረሰ ነገራቸው። ገብተው አልጋዋ አጠገብ ቆሙ። ጋሽ መፍቻ የግሉኮሱን ቱቦ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ወረዱበት። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ እዚያው ቀረ።

እሷ ገባት። «በል እንጂ ወንድም ጋሼ» አለቻቸው፤ ድምፅዋ ከትራሱ አያልፍም። «‹ይቺማ ቀላል ናት› በለኝ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እሷ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ እንዳላስቸገረቻቸው ሁሉ ፈገግ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። «ዓሦቼን አደራ።»

ከቀብር በኋላ የመሣሪያ ሣጥኑ አልጋ ሥር ገባ። ጋሽ መፍቻ ልክ እንደ ሰው በባዶ ኮት መምጣት ጀመሩ። ሻይ ይጠጣሉ፣ «ደህና ነህ?» ይላሉ፣ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ክርናቸውን ያስደገፉበት ጠረጴዛ ተነቃነቀ፤ ሻዩ ተደፋ። ዝቅ ብለው እግሩን እንኳ አላዩትም። መምህሩ ያን ቀን ደነገጠ። ጋሽ መፍቻ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ አልፈው ከሄዱ፣ ከእህታቸው ጋር አብሮ የተቀበረ ሌላም ነገር አለ ማለት ነው።

የአደራው ነገርም አላማረም። ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ የእሷ አኳሪየም፣ የዓሣ ገንዳ፣ ነበር፤ ከመስታወቱ ጥግ ትንሽ ማጣሪያ የሚያጉረመርምበት፣ ዓሣ የሚርመሰመስበት። እሷ ውሃውን ስትቀይር ማታ በሰማያዊ ባልዲ ትቀዳና በጨርቅ ሸፍና በረንዳ ላይ ታሳድረዋለች። «ውሃም እንደ እንግዳ ነው» ትል ነበር፤ «ገብቶ ይረፍ እንጂ ወዲያው ሥራ አይታዘዝም።» መምህሩ ይህንን ከጨዋታዋ እንደ አንዱ ይቆጥረው ነበር። ስለዚህ እሷ ከሄደች በኋላ በአዲስ ባልዲ ከቧንቧው ቀድቶ፣ የክሎሪን ሽታው ሳይለቀው፣ በቀጥታ ይገለብጥባቸው ጀመር። ባለ መስመሮቹ አለቁ። ጥቁሩ አለቀ። እሱ በጨመረ ቁጥር እነሱ ይቀንሳሉ። የሞተ ዓሣ በማንኪያ ባወጣ ቁጥር «አደራ በላ!» የሚለው ሰው ያለ እየመሰለው ዙሪያውን ያያል።

ሰማያዊውን ባልዲ ግን አልነካውም። ሆስፒታል በገባች ዋዜማ፣ ማታ፣ እሷ ራሷ የቀዳችው ውሃ ነበረበት። ጨርቁም እሷ እንዳለበሰችው ነው። በረንዳው ላይ ልብስ ሲያሰጣ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያልፍ ሰው በጣቱ ቆሞ ነው የሚያልፈው።

ከዓሦቹ በመጨረሻ የቀረችው እሜቴ ብቻ ናት። ብርቱካንማ፣ ጅራቷ የተተለተለ፣ ወፍራም። ስሙን ያገኘችው በጠባይዋ ነው። ምግብ ሲበተን ሌሎቹ እየተጋፉ ሲሮጡ እሷ ካለችበት አትንቀሳቀስም፤ ምግቡ ወደ እሷ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መፍቻ የሻይ ብርጭቆአቸውን ይዘው ገንዳው ፊት ቆሙ።

«ሌሎቹስ?»

«አለቁ።»

«ሁሉም?»

«እሜቴ ናት የቀረችው።»

ጋሽ መፍቻ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው አሸተቱት። ዓይናቸው ውስጥ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያ የታወቀ አደገኛ ብርሃን በራ።

«ውሃው ነው! አንተ፣ ውሃው እኮ ነው! መጣራት አለበት። ሰው የሚጠጣበት ማጣሪያ አለ አይደል፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ? እሱን ከቧንቧው ጋር አገናኝቶ በጎማ ወደዚህ መሳብ ነው። ይቺማ...»

መምህሩ ትንፋሹን ያዘ።

«ይቺማ...» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አልጨረሷትም። ግን ሲወጡ እጃቸው ባዶውን የኮት ኪስ ይዳብስ ነበር።

መምህሩ መስኮቱ ላይ ቆሞ ቀረ። እምቢ ቢል ሰውዬውን ከነሣጥናቸው አልጋ ሥር መልሶ መክተት ነው። እሺ ቢል ደግሞ የእሜቴ ነገር አበቃ፤ የጋሽ መፍቻን እጅ ቀምሶ ያለ ቧንቧ ሠሪው እርዳታ የዳነ ነገር የለም። ዓሦቹን አደራ ብላዋለች። ወንድሟን አደራ አላለችም፤ እሱን መናገር የሚያስፈልግ አልመሰላት ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ፍሪጁ «እምምም» አለ። ጋሽ መፍቻ ሣጥናቸውን በአንድ እጅ፣ ማጣሪያውን በብብታቸው፣ ጎማውን እንደ ዘንዶ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ገቡ። የመመሪያውን ወረቀት አጣጥፈው በሚነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ሥር ሻጡት። «ለዚህ ነው የሚጽፉት» አሉ። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። የዚያን ቀን ያለ እንከን የተሳካው ሥራ እሱ ነው።

ከዚያ ድሪሉ ጮኸ። የኩሽናው ግድግዳ ወንፊት ሆነ። ሁለት ሴራሚክ ወደቀ፤ ሦስተኛው ጓደኞቹን ተከትሎ በገዛ ፈቃዱ ወረደ። ከበሩ ውጭ ያለውን የውሃ መዝጊያ ጥርቅም አድርገው ዘጉ፤ የዘጉት ግን የአራተኛውን ፎቅ ስለነበር የእነሱ ውሃ ፊታቸው ላይ ተረጨ፣ ከላይ ደግሞ ሳሙና የለበሰ ጎረቤት በፎጣ ብቻ ወረደ።

«ማነው የዘጋብኝ?»

«ጥገና ላይ ነን» አሉ ጋሽ መፍቻ፣ ከቅንድባቸው ውሃ እየተንጠባጠበ። «ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

ማጣሪያው ከተሰቀለ በኋላ ተራው የአኳሪየሙ ሆነ። እሜቴ ወደ ድስት ተዛወረች። ጋሽ መፍቻ አሮጌውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ ደፉ። ጠጠሩን ቀቀሉት። መስታወቱን ፈተጉት። ከትንሿ ማጣሪያ ውስጥ ቡናማውን ስፖንጅ አውጥተው ቧንቧ ሥር አስገቡት።

«እሱን እንኳ እሷ አታጥበውም ነበር» አለ መምህሩ። «በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጋ ነው የምትመልሰው። ‹ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ የቤታቸው ዕቃ ነው› ትላለች።»

«እሷ ምን ትጥላለች! የቆየ ነገር መጣል አይሆንላትም። አንተን ራሱ ይዛህ ኖረች አይደል?»

መምህሩ ሳያስበው ሳቀ። ጋሽ መፍቻም ሳቁ። በዚያ ቤት ከቀብሩ ወዲህ የተሰማ የመጀመሪያው ሳቅ ነበርና፣ መምህሩ እንዳያቋርጠው ብሎ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስፖንጁ እንደ አዲስ ነጣ።

ሲጨርሱ ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ያለ አይመስልም ነበር። እሜቴ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች። ሲንኩ ሥር ከአንዲት መጋጠሚያ ጠብ፣ ጠብ የምትል ነገር ነበረች፤ ጋሽ መፍቻ ጨርቅ ጠመጠሙባት። መምህሩ ያቺን ቃል ጠበቀ። ሰውዬው ግን «አለቀ» ብቻ ብለው፣ መፍቻውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ሲነጋ እሜቴ በጎኗ ተንጋድዳ፣ ውሃው ገጽ ላይ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ኩሽናው ረጥቧል። መምህሩ ምን እንደሚያደርግ አላወቀምና ሁልጊዜ በዚያ ቤት ይደረግ የነበረውን አደረገ። መስኮቱ ላይ ሄዶ ጥጉን አየ፤ «ታጠፈ?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

ቧንቧ ሠሪው መጣ። ወለሉ እርጥብ ስለሆነ አስቀድሞ ፍሪጁን ነቀለ፤ ከዚያ ሲንኩ ሥር ተሳበ።

«ለዓሣዋስ ምን ይሻላል?» አለው መምህሩ።

«ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ውስጡ ማን እንዳለ ምን አውቄ?»

«ደወሉን ተጫንኩት እኮ» አለ አንድ ድምፅ ከበስተኋላ። «ፍሪጁ ዝም አለ።»

ጋሽ መፍቻ የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። መምህሩ ፍሪጁን አየ፣ የተነቀለውን ሶኬት አየ። ሲንኩ ሥር ጭንቅላት ከብረት ሲጋጭ ተሰማ። ሁለት እግሮች ብቻ ተዘርግተው ቀሩ፤ የሞቱ ለመምሰል የፈለጉ ይመስል አይንቀሳቀሱም።

«ወንድም ጋሼ...» አለ መምህሩ።

ጋሽ መፍቻ እግሮቹን ረጋ ብለው መረመሩ።

«ጫማ ቀይረሃል» አሉ።

«አቤት?» አለ ከሥር።

«ድሮ ቡናማ ቦት ነበር የምታደርገው። እኔ ስታጠፍ አንተ ትወጣለህ። ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ጀርባ ቆሜ አይህ ነበር።»

ቧንቧ ሠሪው ከሲንኩ ሥር ተስቦ ወጣ።

«ታውቅ ነበር?» አለ መምህሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«በየቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ያለውን ነጩን ቴፕ ማን ጠቀለለው ትላለህ? እኔ ዕድሜ ልኬን የጠቀለልኩት ክር ነው!»

«ታዲያ እያወቅክ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? እናንተ መስኮት ላይ ስትስቁ እኮ ታች ድረስ ይሰማል። የእሷ ሳቅ ሱቁ ድረስ ይመጣል።» መፍቻውን ከኪሳቸው አውጥተው አገላበጡት። «ደግሞስ ወንድም በየሳምንቱ ባዶ እጁን እህቱ ቤት ሲመጣ ባልዬው ምን ይላል? ‹ይሄ ሰው ቤት የለውም?› ነው የሚለው። መፍቻ ከያዘ ግን ሠራተኛ ነው።»

መምህሩ ወንበር ሳበላቸው።

«ያን ሁሉ ዘመን ‹ቀላል ናት› እያልኩ ዋሽቻታለሁ፤ እሷም እያወቀች ተቀብላኛለች» አሉ ጋሽ መፍቻ። «አንድ ቀን በአፏ ብትለምነኝ... ያን ቀን መዋሸት አቃተኝ።»

ከዚያ ወደ ሳሎን ሄዱና እሜቴን አዩ። ትከሻቸው ወረደ። «አጸዳሁት እኮ።»

«አጸዳኸው። ዓሣዋን የሚያኖራት ነገር እስኪጠፋ ነው ያጸዳኸው» አለ መምህሩ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ደግሞ ሳላሳድር ከቧንቧ ስደፋባቸው ከርሜያለሁ። ያደረ ውሃ ነበር የሚያስፈልጋቸው።»

«ያደረ ውሃ አሁን ከየት ይመጣል?»

መምህሩ በዓይኑ ጥግ ወደ በረንዳው አየ፤ የጋሽ መፍቻም ዓይን ተከተለው።

«ያ ምንድን ነው?»

«እሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

«እሷ ናት የቀዳችው። ሆስፒታል ልትገባ ስትል፣ ማታውን።» መምህሩ በሩ ላይ ቆመ፤ የሚያልፍ ሰው ካለ ሊከለክል ይመስላል። «ከእጇ የቀረኝ እሱ ነው። ሌላው ልብስ ነው፣ ሌላው ፎቶ ነው። ያ ግን ጀምራው የሄደችው ሥራ ነው።»

ጋሽ መፍቻ አልገፉትም። ቆዩና ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «ለማን ነበር የቀዳችው?»

መምህሩ ከበሩ ላይ ገለል አለ።

ጨርቁን አነሱት። ውሃው ተንኖ ግማሽ ደርሷል፤ አረንጓዴ ያዝ አድርጎታል፤ ከጨርቁ ሥር ሾልካ የገባች አንዲት ቅጠል ተንሳፍፋበታለች። ሁለት ሽማግሌዎች ባልዲውን ግራና ቀኝ ይዘው፣ ቧንቧ ሠሪው በር እየከፈተላቸው፣ ሳሎን አደረሱት። ከንጹሁ ውሃ ግማሹን ቀዱና ደፉ። ከዚያ መምህሩ ባልዲውን ከፍ አድርጎ ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈው። እዚያ ላይ እጁ እምቢ አለው።

«አልቻልኩም።»

«አይዞህ።»

«ካዘነበልኩት እኮ አለቀ።» ወደ ጋሽ መፍቻ ዞረ። «በል እንጂ ወንድም ጋሼ። ያቺን ቃል በለኝ።»

ጋሽ መፍቻ አፋቸውን ከፈቱ። ልክ እንደዚያ ቀን ምንም አልወጣም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ከመምህሩ እጅ ሥር አስገብተው ባልዲውን ደገፉ።

«ይቺማ...» አሉ። «ይቺማ ቀላል ናት።»

ቧንቧ ሠሪው ከልማዱ የተነሳ ምንጣፉን ጠቀለለ።

ውሃው ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ቅጠሏም አብራ ገባች። ለረጅም ጊዜ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሦስቱም ገንዳው ፊት ተቀምጠው ሻያቸውን አቀዘቀዙ። ከሰዓት በኋላው ሊያልቅ ሲል እሜቴ ጎኗን አቃናች፤ ወደ ታች ወረደች፤ የቅጠሏ ጥላ ሥር ቆመች። መምህሩ ትንሽ ምግብ በተነ። አልመጣችም። ካለችበት ሆና ምግቡ ወደ እሷ እስኪመጣ ጠበቀች።

«ድናለች» አሉ ጋሽ መፍቻ።

መምህሩ ባዶውን ባልዲ አንስቶ ቆመ። ውሃ ይዞ ያልከበደው አሁን ከበደው። የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ጥቂት ዞረ፤ ከዚያ ኩሽና ገብቶ ሲንኩ ሥር፣ ጠብ ጠብ ከምትለዋ መጋጠሚያ በታች አኖረው። የመጀመሪያዋ ጠብታ ታችውን ስትመታ ጮክ ብላ ተሰማች።

«ቆይ ጋሼ፣ ላጥብቃት» አለ ቧንቧ ሠሪው። «ትንሽ ዞር ማድረግ ነው እኮ።»

«ተዋት» አለ መምህሩ። «የወንድሟ ሥራ ናት።»

እንግዲህ እናንተም ወደዚያ ቤት ድንገት ብትሄዱ፣ ደወሉን ተጭናችሁ ፍሪጁ እስኪነሳ ጠብቁ። ሦስት ሰዎች ገንዳ ፊት ሻይ ሲጠጡ ብታገኙ አትገረሙ፤ ሦስተኛው በሙያው ቧንቧ ሠሪ ነው፣ ከመጣ ወዲህ ግን ምንም እንዲሠራ አልተፈቀደለትም። ቀዝቃዛ ውሃ ስትፈልጉ ቀዩን ክፈቱ። ኩሽና ውስጥ ደግሞ ከሲንኩ ሥር ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ብትሰሙ «ይሄ ነገር ይጠገን» እንዳትሉ። ማታ ባልዲው ሲሞላ መምህሩ ጨርቁን አልብሶ በረንዳ ያወጣዋል። እንግዳ ነው፤ አድሮ ነው ሥራ የሚጀምረው።